ከሜሪላንድ ልንወጣ እያሰብን ነው፤ "ታክስ የለም" ከሚለው ውጪ ስለየስቴቱ ሕግ የምታውቁትን ንገሩኝ

ሲልቨርስፕሪንግ_ነኝ
ሰላም ወገኖች። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኪራዩ፣ ታክሱ፣ የመኪና ኢንሹራንሱ ተደማምሮ ትንፋሽ አሳጥቶናል። የባለቤቴ ወንድም ዳላስ አካባቢ ነው ያለው፣ በደወለ ቁጥር "እዚህ ኢንካም ታክስ የለም፣ ምን ትጠብቃላችሁ" ይለናል። ጓደኞቻችን ደግሞ ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ግቡ ይላሉ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ታክስ ብቻ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሌላውን ነው። ቤት ስንከራይ፣ መኪና ስንነዳ፣ ሥራ ስንሠራ ኑሯችንን የሚቀይረው ሕግ የቱ ነው? ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሆቴል እሠራለሁ፣ አንድ ልጅ አለን። እባካችሁ "እንደ ሰው ነው" ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

የጋርላንዱ
እኔ እዚያው ዳላስ አጠገብ ነኝ። የወንድሙን ወሬ ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ኢንካም ታክስ የለም፣ እውነት ነው፣ እንዲያውም በ2019 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት የስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። ግን መንግሥት ገንዘቡን ከየትም ብሎ ያመጣዋል፣ እዚህ የሚያመጣው ከቤት ነው። ፕሮፐርቲ ታክሱን ትምህርት ቤቱ ለብቻው፣ ካውንቲው (ከስቴቱ በታች ያለው አስተዳደር) ለብቻው፣ ከተማው ለብቻው ይጥሉታል። ቤት ከገዛችሁ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለ፤ ለትምህርት ቤቱ ታክስ ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ ላይ የሚቀነስላችሁ በ2023 ወደ 100,000 ዶላር፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ማመልከቻውን ግን ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። ቤት ገዝተው ሳያመለክቱ ዓመት ሙሉ የከፈሉ አበሾች አውቃለሁ። የቤቱን ግምት አበዙት ብላችሁ ካሰባችሁም እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ በፈረንጅ ሜይ 15፣ መቃወም ትችላላችሁ። ዝም ካላችሁ የተባላችሁትን ትከፍላላችሁ።

ሌላው ደመወዝ ነው። የቴክሳስ ዝቅተኛ ክፍያ የፌዴራሉ ነው፣ በሰዓት 7.25 ዶላር፣ ከ2009 ጀምሮ ያልተነካ።

ሲልቨርስፕሪንግ_ነኝ
7.25??? እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትልልቅ ቀጣሪዎች ላይ ከ17 ዶላር በላይ ነው እኮ።

የጋርላንዱ
እውነቱን ልናገር፣ ሆቴል ገብተሽ 7.25 የሚከፍልሽ የለም፣ በዚያ ዋጋ ሰው አያገኙም። ልዩነቱ ሌላ ነው። እዚያ ወለሉን ያስቀመጠልሽ ሕግ ነው፣ እዚህ ገበያው ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ወለሉ አብሮ ይወርዳል። የዳላስ ከተማ ምክር ቤት "እኛ እናሳድገው" ቢልም የስቴቱ ሕግ አይፈቅድለትም።

ባለ18ጎማ
ቨርጂኒያ ልትገቡ ከሆነ መጀመሪያ ባለቤትሽ እግሩን ከነዳጁ ያንሳ። ቀልዴን አይደለም። ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፈ፣ ወይም የትም ቦታ ከ85 በላይ ከነዳ፣ ተራ ቲኬት አይደለም የሚሰጠው። ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ይባላል፣ ሚስዲሚነር ነው፣ ማለትም የወንጀል ክስ። ሕጉ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ይፈቅዳል። ብዙውን ጊዜ ሰው አይታሰርም፣ ግን ሪከርዱ ይቀራል። እንደኔ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው እንጀራው ላይ ነው የሚመጣበት። ለኡበር ነጂም ያው ነው፣ ድርጅቱ ሪከርዱን ያያል። የዜግነት ፎርም ስትሞሉም "ተከሰህ ታውቃለህ ወይ" የሚለውን "የለም" ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የፍጥነት መቆጣጠሪያ ራዳርን የሚያሳብቅ ዕቃ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው። ሜሪላንድ ላይ ሰክተህ ድልድዩን ስትሻገር ሕገ ወጥ ትሆናለህ። ዲሲም እንደዚያው። በሃያ ደቂቃ መንገድ ሦስት ሕግ!

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም
ባለ18ጎማ ያለው ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከቨርጂኒያ ሌላ የሚያስደነግጠው የመኪና ታክሱ ነው። በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ለካውንቲው ወይም ለከተማው ትከፍላላችሁ። ለግል መኪና ከመጀመሪያው 20,000 ዶላር ዋጋ ላይ ስቴቱ የተወሰነውን ይሸፍናል። መኪናው ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል ከሆነ ግን ያ ድጎማ የለም። ኡበር ሙሉ ቀን የሚነዳ ሰው ይህን ቀድሞ ያስላ። እርግጥ ሜሪላንድም ከስቴቱ ኢንካም ታክስ በላይ ካውንቲው ከ3 በመቶ በላይ ይጨምርባችኋል። ያ ግን ከደመወዝ ላይ ቀስ እያለ ስለሚቆረጥ አያምም፣ የመኪናው ታክስ በአንድ ደብዳቤ ነው የሚመጣው።

ሳይጠየቅ የምናገረው ነገር ደግሞ ይኸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ? ከንቲባ የለውም፣ የከተማ ምክር ቤት የለውም። የፖስታ አድራሻ ነው። የሚያስተዳድራችሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ከዚያ ጥቂት መንገድ ሄደሽ ታኮማ ፓርክ ስትገቢ ደግሞ የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ የኪራይ ሕግ ያለው ከተማ ነው። ሰው "የት ነው የምትኖረው" ሲባል ፖስታው ላይ ያለውን ይናገራል። የሚገዛው ሕግ ግን በካርታው መስመር ነው የሚሄደው።

እትዬ_ዴይኬር
ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ስንት ተንከራትቻለሁ ልጆች። የኔ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ይላል። ቤት ውስጥ ልጆች መያዝ ልጀምር ብዬ አሌክሳንድሪያ ከተማ አስተዳደር ሄጄ ወረፋ ጠብቄ፣ "እርስዎ እኮ የኛ ነዋሪ አይደሉም፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነዎት" አሉኝ። ፖስታው አሌክሳንድሪያ፣ ሕጉ ፌርፋክስ! እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው እንዲህ ነው።

ለእህቶች የሚጠቅም ከሆነ ልንገራችሁ። ፌርፋክስ ውስጥ ቤትሽ እስከ 4 የሌላ ሰው ልጆች ከያዝሽ ፈቃዱን የሚሰጥሽ ካውንቲው ነው። ከ5 ጀምሮ የስቴቱ ላይሰንስ ነው፣ እሱ ብዙ ጣጣ አለው። ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ የጀርባ ምርመራ ይደረግበታል፣ ጎረምሳው ልጅሽም ሳይቀር ዕድሜው ከደረሰ። የተከራየሽ ከሆነ ደግሞ አከራዩ መስማማቱን አስቀድመሽ ጠይቂ። አፓርትመንቱ ኤችኦኤ፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ካለው እሱም የራሱ ደንብ አለው።

ኦሮራ_ሜዳ
እትዬ፣ ኤችኦኤው ሕግ ነው እንዴ? እኛ ጋ የአጥሩን ቀለም ሳይቀር ይመርጥልናል።

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም
ሕግ አይደለም፣ ውል ነው። ቤቱን ስትገዛ ከፊርማዎቹ ክምር ውስጥ ፈርመህለታል። ስለዚህ ካውንቲው ቢፈቅድልህም ኤችኦኤው ሊከለክልህ ይችላል። ካልከፈልክ በቤትህ ላይ ዕዳ ያስመዘግብብሃል፣ በብዙ ስቴት እስከ ሐራጅ ድረስ መሄድ ይችላል። ግን እሱም ከስቴት ሕግ በታች ነው። ስቴቱ "ይህን መከልከል አትችሉም" ካለ ያበቃል።

ባለ18ጎማ
የትራክ ነገር ያስነሣልኝ። በየሰፈሩ ቦብቴይል (ተጎታች የሌለው የትራኩ ራስ) ይዘህ ቤትህ በር ላይ ማቆም ክልክል ነው፣ ፌርፋክስም ሞንትጎመሪም። ጎረቤት ይደውላል፣ ቲኬት ይለጠፋል፣ አንዳንዴ ይጎተታል። ወጣቱ ሁሉ ትራክ እየገዛ ነው፣ የማቆሚያውን ኪራይ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ የለም።

ሲልቨርስፕሪንግ_ነኝ
እኛን ያስቸገረን ዋናው ኪራይ ነው። ውሉን ልናድስ ስንል በጣም ሊጨምሩብን ነው። ገደብ አለ ይባላል፣ የኛን ይመለከታል ወይ?

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም
የሞንትጎመሪ የኪራይ ሕግ በ2023 ጸድቆ በ2024 ሐምሌ ላይ ሥራ ጀምሯል። ጭማሪው የኑሮ ውድነቱ መጠን ሲደመር 3 በመቶ፣ ምንም ቢሆን ግን በዓመት ከ6 በመቶ አያልፍም። ሁሉንም ቤት ግን አይነካም። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ነፃ ነው። ባለቤቱ ድርጅት ያልሆነ ሰው ሆኖ ካውንቲው ውስጥ ሁለት ቤት ወይም ከዚያ በታች ብቻ የሚያከራይ ከሆነም ነፃ ነው። ስለዚህ ቤዝመንቱን ያከራየሽ የአገርሽ ልጅ ከሆነ ገደቡ ላይመለከተው ይችላል። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ከተሞች ውስጥ ከሆንሽም የካውንቲው ገደብ አይደርስሽም፣ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። እዚህም የፖስታ አድራሻው ያታልላል።

ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ከገባሽ የኪራይ ገደብ የሚባል ነገር የለም። ካውንቲው ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ማለት ስቴቱ ቆርጦ የሰጠውን ሥልጣን ብቻ የያዘ ነው። የፕላስቲክ ከረጢት 5 ሳንቲም ለማስከፈል እንኳ ፌርፋክስና አርሊንግተን የሪችመንድን፣ ማለትም የስቴቱን መንግሥት፣ ፈቃድ መጠበቅ ነበረባቸው፣ በ2020 ሕጉ ወጥቶ በ2022 ጥር ጀመሩ። ዲሲ ያንኑ 5 ሳንቲም ከ2010 ጀምሮ እያስከፈለ ነበር።

ቀብድን በተመለከተ፣ ከ2024 ኦክቶበር ወዲህ ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ስትከራዪ አከራዩ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት መጠየቅ በመርህ ደረጃ አይችልም። ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ነው። ለመግቢያ ገንዘብ ለሚያሰባስብ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የጋርላንዱ
እሺ፣ ተቃውሞዬን ልናገር። ይህ የኪራይ ገደብ እናንተን ዛሬ ያስደስታችኋል፣ ነገ ግን ገንቢው "እዚያ አልገነባም" ይላል፣ ቤት ያጥራል፣ ይወደዳል። እዚህ ቴክሳስ ሕግ የለም፣ ግን ቤት ይሠራል። ዳላስ ዙሪያ ባዶ ሜዳ የነበረው ሁሉ ቤት ሆኗል። ኪራይ የሚወርደው በቤት ብዛት ነው እንጂ በምክር ቤት እጅ ማውጣት አይደለም።

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም
ለዚህ እኮ ነው አዲስ ሕንፃን ለ23 ዓመት ነፃ ያደረጉት። ክርክሩ አሁንም አላለቀም፣ የሁለቱም ወገን ኢኮኖሚስት አለው። ግን አንተ የምትለው ለመጪው ተከራይ ነው፣ እሷ የምትጠይቀው ለሚቀጥለው ወር ነው። ልጇ ትምህርት ቤት ሳይቀይር ዓመቱን መጨረስ ለሚፈልግ ሰው 6 በመቶና 20 በመቶ ፍልስፍና አይደለም።

የጋርላንዱ
ተቀብያለሁ፣ ግማሹን።

ኦሮራ_ሜዳ
ኮሎራዶን ማንም አላነሣትም፣ እኔ ልጥራት። እኛ ጋ ትልቁ ለውጥ በ2024 የወጣው ነው። ድሮ ከተሞች "ዝምድና የሌላቸው ከዚህ ቁጥር በላይ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ አይኖሩም" ይሉ ነበር። ስቴቱ ዝምድናን መነሻ ያደረገውን ገደብ ሰረዘው። ከደህንነት ጋር የተያያዘው፣ የእሳት፣ የጤና፣ የክፍል ስፋት ገደብ ግን ቀርቷል። አዲስ ከመጡ ልጆች ጋር ተጋርቶ ቤት መከራየት ለለመደ አበሻ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፌርፋክስ እስካሁን ዝምድና የሌላቸው 4 ሰዎች ነው የሚለው አይደል እትዬ?

የሕመም ፈቃድም አለን። ለ30 ሰዓት ሥራ 1 ሰዓት ይጠራቀማል፣ በዓመት እስከ 48 ሰዓት፣ ቀጣሪው ትንሽም ቢሆን። ሜሪላንድ 40 ሰዓት ነው መሰለኝ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ጋ ነው።

በረዶ ደግሞ። ዴንቨር ከተማ ውስጥ በርህ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለብህ፣ ንግድ ቤት ከሆነ በ4 ሰዓት። ቤቱን ሙሉ የተከራየኸው ከሆነ ማን እንደሚጠርግ ውሉ ላይ እይ። ዴንቨርና ኦሮራም ሁለት የተለያየ ከተማ ናቸው፣ ድንበሩ መንገዱን ስትሻገር ነው። የዴንቨርና የኦሮራ ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ አይገናኝም።

እትዬ_ዴይኬር
አዎ ልጄ፣ 4 ነው። ቤተሰብ ከሆነ ግን ከቤተሰቡ ሌላ ተጨማሪ ሁለት ሰው ይፈቀዳል። እኔ የማልወደው የቤዝመንቱን ነገር ነው። ቤዝመንት ውስጥ የሚተኛበት ክፍል ሰው የሚወጣበት ስፋት ያለው መስኮት ወይም በር ከሌለው መኝታ ተብሎ መከራየት የለበትም። ሰው ይህን "ኢንስፔክተሩ ሊያሠቃየኝ" ይለዋል። እሳት ቢነሣ በዚያች ጠባብ መስኮት ማን ይወጣል? ርካሽ ነው ብለሽ ልጅሽን እንደዚህ ያለ ክፍል እንዳታስተኚ፣ እለምንሻለሁ።

ባለ18ጎማ
እትዬ እውነትዎን ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ማሪዋና። ሜሪላንድ ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ፈቅዳለች፣ ሱቁ በየመንገዱ ነው። ልጆቻችን "ተፈቅዷል" ይላሉ። በፌዴራል ሕግ ግን አሁንም ዕፅ ነው፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚያየው ፌዴራሉን ነው። በ2019 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በግልጽ ጽፎታል፣ ስቴቱ ቢፈቅድም ለዜግነት "መልካም ሥነ ምግባር" የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል ብሎ። ግሪን ካርድ ይዞ እንዲህ ባለ ሱቅ ውስጥ መሥራትም ያው ነው። ለሲዲኤልማ ጨርሶ አይታሰብም፣ ምርመራው የፌዴራል ነው።

ሲያትል_ዝናብ
ዘግይቼ መጣሁ። ሁላችሁም ሕጉን እንደ አየር ሁኔታ ነው የምታወሩት፣ ከላይ የሚወርድ። እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ሲያትል አጠገብ ሲታክ የምትባል ኤርፖርቱ ያለባት ትንሽ ከተማ አለች። በ2013 የኤርፖርቱና የሆቴሉ ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ 15 ዶላር ይሁን ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሻንጣ የሚያነሣው፣ ዊልቸር የሚገፋው፣ መኪና የሚያከራየው ውስጥ የኛ ሰውና ሶማሌው ብዙ ነው፤ በር እያንኳኩ ሰውን አስመዘገቡ። ስንት በስንት አለፈ መሰላችሁ? በ77 ድምፅ ልዩነት! ከዚያ በፍርድ ቤት ታገደ፣ "ኤርፖርቱ የከተማዋ ሥልጣን ውስጥ አይደለም" ተባለ። በ2015 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤርፖርቱም ውስጥ ይሠራል ብሎ ወሰነ። 77 ሰው ማለት የአንድ ሠርግ አዳራሽ እሩብ ነው።

የጋርላንዱ
የኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እሱንም ስሙ። ኦስቲን በ2010፣ ዳላስ በ2015 ለግንባታ ሠራተኛ በየ4 ሰዓቱ 10 ደቂቃ የዕረፍት ሰዓት ደነገጉ፣ ውኃ እንዲጠጣ። በዚያ ሙቀት! በ2023 የስቴቱ ምክር ቤት ከተሞች በብዙ ጉዳይ ከስቴቱ ሕግ አልፈው እንዳይደነግጉ የሚከለክል ሕግ አወጣ፣ እነዚህም የዕረፍት ደንቦች በዚያ ሥር ይወድቃሉ ተብሎ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሆነ። ለኡበር ነጂም ታሪክ አለ። በ2016 የኦስቲን ነዋሪ ሹፌሮች የጣት አሻራ ይስጡ የሚለውን ደንብ በድምፁ ሲያጸና ኡበርና ሊፍት ከተማዋን ለቀው ሄዱ። ሹፌሩ ሥራ አጣ። በ2017 ስቴቱ ጉዳዩን ከከተሞች እጅ ወስዶ ራሱ ሕግ አወጣ፣ ተመለሱ። እንግዲህ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው እንደቆማችሁበት ነው። ሹፌሩ ወንድሜ ደስ ብሎት ነበር፣ እኔ ግን የከተማ ድምፅ እንዲህ በቀላሉ መሻሩ ደስ አላለኝም።

አዲስ_ገቢ
ይቅርታ፣ እኔ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ነኝ፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። በከተማ ምርጫ ድምፅ መስጠት እችላለሁ?

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም
ተጠንቀቅ ወንድሜ። በስቴትና በፌዴራል ምርጫ ዜጋ ሳትሆን ድምፅ መስጠት ለማባረር የሚያበቃ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ "መመዝገብ ትፈልጋለህ" ሲሉህ በልማድ "አዎ" እንዳትል። ጥቂት ቦታዎች ግን በራሳቸው የአካባቢ ምርጫ ይፈቅዳሉ። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪዋን ታስመርጣለች፣ ከ2013 ጀምሮ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። ዲሲም የአካባቢ ምርጫዋን ከፍታለች፣ በ2024 ተሠርቶበታል። የተለየ የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው የሚሰጥህ። ከመመዝገብህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፣ እኔ ስሜ ላይ እንደተጻፈው ነኝ።

ድምፅ ባትሰጥም መናገር ግን ትችላለህ። የካውንቲ ምክር ቤት ሕግ ከማውጣቱ በፊት የሕዝብ ስብሰባ ይጠራል፣ ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ማንም ዜግነትህን አይጠይቅህም። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት ቢሮዎች በአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ስለዚህ "እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው" ብለህ ቲኬቱን ዝም ብለህ አትክፈል፣ አስተርጓሚ ጠይቅ።

ሲልቨርስፕሪንግ_ነኝ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እትዬ በተለይ። ለባለቤቴ የመኪናውን ታክስና የሬክለሱን ነገር አነበብኩለት፣ ቨርጂኒያን ለጊዜው ተወው። ቴክሳስን ገና እናስባለን። ሕንፃችን ከ23 ዓመት በላይ መሆኑን የት ነው የማየው?

ሕግ_አዋቂ_አይደለሁም
የሜሪላንድ የንብረት ታክስ መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። አድራሻሽን አስገቢ፣ የተሠራበት ዓመት ይወጣል። ከዚያ የካውንቲው የቤቶች ቢሮ የኪራይ ፈቃድ እንዳላቸውና ገደቡ ይመለከታቸው እንደሆነ ይነግርሻል፣ ወደ ካውንቲው የመረጃ መስመር 311 ደውይ፣ አማርኛ ብለሽ ጠይቂ። ጭማሪው የተጻፈበትን ደብዳቤ ይዘሽ ቁጭ በይ፣ ቀኑን ይጠይቁሻል። መልሱ እስኪመጣ አዲሱን ውል እንዳትፈርሚ።

ሲልቨርስፕሪንግ_ነኝ
አየሁት፣ 1968 ይላል!! ነገ ጠዋት እደውላለሁ።

የጋርላንዱ
እንግዲህ ዳላስ ቀረ በሉኛ። ለባለቤትሽ ወንድም ይህን እንዳታሳዪው፣ እኔን ነው የሚወቅሰው።